ሞተር ሲለወጥ ምን ይቀራል? የትንሿ ፊያት ሁለተኛ ዕድሜ

በኢትዮጵያ የአንድ መኪና ማንነት የሚመሰከርበት ሰነድ ሊብሬ ይባላል። በሊብሬው ላይ ከሰሌዳው ቁጥር ሌላ ሁለት ቁጥሮች ይሰፍራሉ፤ አንደኛው የሻንሲ፣ ሁለተኛው የሞተር። መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ ሁለቱ ቁጥሮች እንደ ባልና ሚስት አብረው ተመዝግበዋል። ዘመን በገፋ ቁጥር ግን የጋብቻው ጽናት ይፈተናል። ሻንሲው ሊሰነብት ይችላል፤ ሞተሩ ግን ከዕለታት አንድ ቀን ይደክማል፤ ዘይት ይጠጣል፣ ጭስ ይተፋል፣ ዳገት ሲያይ ያቃስታል። ያን ጊዜ ባለቤቱ ከሦስት አንዱን ይመርጣል፤ ሞተሩን ማሳደስ፣ መኪናውን ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ መሸጥ፣ አለዚያም ከሌላ መኪና የወጣ ሞተር ማስገጠም። ሦስተኛውን መንገድ የመረጠ ሰው ከዋጋው ሌላ አንድ ጥያቄ ይከተለዋል፤ ልቧን የለወጠች መኪና ያችው መኪና ናት ወይስ ሌላ?

ይህን ጥያቄ ለመመርመር አንዲት ትንሽ የኢጣሊያ መኪና ጥሩ ምሳሌ ትሆናለች። ፊያት 500 ትባላለች፤ ኢጣሊያኖች በአገራቸው ቋንቋ «ቺንክዌቼንቶ» ይሏታል፤ አምስት መቶ ማለት ነው። በአዲስ አበባና በአስመራ ጎዳናዎች ለረጅም ጊዜ ያገለገለችው የ«ሰይቼንቶ» ታናሽ እኅት ናት። ዛሬ በየአገሩ ባሉ አሮጌ መኪና ወዳጆች ዘንድ ሞተራቸውና ካምቢዮዋቸው በብዛት ከሚለወጡት ትንንሽ መኪኖች አንዷ እሷ ናት። ለምን እንዲህ እንደሆነ ለማወቅ ከውልደቷ መጀመር ያስፈልጋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የ13 ፈረስ ጉልበት መኪና

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ በኋላ በነበሩት ዓመታት ብዙው የኢጣሊያ ሠራተኛ የሚጓዘው በብስክሌት፣ ኑሮው ሲሻሻል ደግሞ በቬስፓ ወይም በላምብሬታ ሞተር ብስክሌት ነበር። አባት መሪ ይዞ፣ እናት ከኋላ ተፈናጥጣ፣ ልጅ በመካከል ተጣብቆ የሚሄድበት ዘመን ነው። እነዚህን ቤተሰቦች ከዝናብና ከብርድ አውጥቶ ጣራ ሥር የማስገባቱ ሥራ ለፊያት መሐንዲስ ለዳንቴ ጃኮዛ ደረሰ። ጃኮዛ ለትንሽ መኪና እንግዳ አልነበረም። በ1936 የወጣችውን፣ ሕዝቡ «ቶፖሊኖ» ወይም ትንሿ አይጥ ያላትን መኪና የነደፈ እሱ ነው። በ1955 ደግሞ ባለ አራት ሲሊንደር፣ በውኃ የሚቀዘቅዝ 633 ሲሲ ሞተር ከኋላዋ የተተከለላትን ፊያት 600 አወጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በጁላይ 1957፣ ከእርሷም የምታንሰው 500 በቱሪን ከተማ ለሕዝብ ታየች።

የመጀመሪያዋ 500 ነገረ ሥራዋ ሁሉ ቁጠባ ነበር። ርዝመቷ 2 ሜትር ከ97 ሳንቲ ሜትር፣ ዋጋዋ 490 ሺህ ሊሬ። ከኋላ የተተከለው ሞተሯ ሁለት ሲሊንደር ብቻ ያለው፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ 479 ሲሲ ነው። ራዲያተር የላትም፤ የውኃ ቱቦ የላትም፤ ስለዚህ በመንገድ ላይ ውኃ አፍልታ አትቆምም። ጉልበቷ 13 የፈረስ ጉልበት፣ የመጨረሻ ፍጥነቷ በሰዓት 85 ኪሎ ሜትር። ሁለቱ ፒስቶኖች በአንድነት ይወጣሉ፣ በአንድነት ይወርዳሉ፤ በዚህም የተነሣ ሞተሩ ክፉኛ ይንቀጠቀጣል። መንቀጥቀጡ ወደ ተሳፋሪው እንዳይደርስ ሞተሩ ከኋላ በኩል በሞላ ላይ ተንጠልጥሎ እንዲወዛወዝ ተደረገ።

ገበያው በመጀመሪያ አልተቀበላትም። ከኋላዋ በቅጡ የተሠራ መቀመጫ እንኳ አልነበራትም፤ ገዢውም ጥቂት ገንዘብ ጨምሮ 600ን መግዛት መረጠ። ፊያት ወራት ሳይቆይ ጉልበቷን ወደ 15 ከፍ፣ ዋጋዋን ደግሞ ዝቅ አደረገ። በ1958 የሞተሩ መጠን ወደ 499.5 ሲሲ፣ ጉልበቱም ወደ 21.5 ያደገበት «ስፖርት» የተባለ ዓይነት ወጣ፤ በዚያው ዓመት በጀርመን ሆክንሃይም በተደረገው የ12 ሰዓት ውድድር ምድቡን አሸነፈ። የተናቀችው መኪና ስሟ መቃናት የጀመረው ሞተሯ ሲስተካከል ነው።

ከዚህ በኋላ የፊያት መሐንዲሶች ሞተሩን ሲያሳድጉ አንድ መንገድ ተከተሉ፤ ሲሊንደሩን ማስፋት። ፒስቶኑ የሚመላለስበት ርቀት 70 ሚሊ ሜትር ሆኖ ሳይነካ ኖረ። የሲሊንደሩ ስፋት ግን ከ66 ሚሊ ሜትር ወደ 67.4 ሲያድግ ሞተሩ 499.5 ሲሲ ሆነ፤ በ1972 ወደ 73.5 ሲያድግ 594 ሲሲ፤ በ1977 ወደ 77 ሲያድግ 652 ሲሲ ሆነ። በሃያ ዓመት ውስጥ ስፋቱ የጨመረው 11 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም የአንድ ጣት ጥፍር ስፋት ያህል ነው። የሞተሩ መጠን ግን ከሲሶ በላይ አደገ።

እነዚህ ቁጥሮች ደረቅ ቢመስሉም የኋለኛውን ታሪክ ያዘሉ ናቸው። የ1957ቱና የ1977ቱ ሞተሮች ከአንድ አባት የተወለዱ በመሆናቸው የውጭ ቅርጻቸውና ከካምቢዮው ጋር የሚጣመሩበት ፊት ተመሳስሎ ቀረ። አንዱን አውጥቶ ሌላውን ማስገባት የተቻለው በዚህ ዝምድና ነው። መሐንዲሶቹ ያን ያደረጉት የፋብሪካውን ወጪ ለመቆጠብ ሊሆን ይችላል፤ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ለሚመጣው የጋራዥ ሠራተኛ ግን ሳያውቁት በር ከፈቱለት።

ልማዱን ያስጀመሩት ፋብሪካዎች

ሞተር መለወጥ የችግር ጊዜ መላ፣ የመንገድ ዳር ጋራዥ ፈጠራ ይመስላል። በፊያት 500 ታሪክ ግን ሥራውን አስቀድመው የሠሩት ስመ ጥር ኩባንያዎች ናቸው።

መኪናዋ በተወለደችበት በ1957 የኦስትሪያው ሽታየር ፑክ ኩባንያ ከፊያት ጋር ተዋውሎ የ500ን አካል እየወሰደ፣ ግራትስ ከተማ በሚገኘው ፋብሪካው የራሱን ሞተርና የራሱን ካምቢዮ ይገጥምላት ጀመር። የሞተሩ ነዳፊ ኤሪኽ ሌድቪንካ፣ የታትራ መኪኖችን የነደፈው የሃንስ ሌድቪንካ ልጅ ነበር። በእርሱ ሞተር ሁለቱ ሲሊንደሮች ግራና ቀኝ ተጋድመዋል፤ አንዱ ፒስቶን ወደ ግራ ሲወረወር ሌላው ወደ ቀኝ ይወረወራል፤ የአንዱን ግፊት የሌላው ያጠፋዋል። በዚህም የተነሣ የቱሪኑን ሞተር ያህል አይንቀጠቀጥም። ከውጭ ሲያዩዋት ፊያት፣ ኮፋኗ ሲከፈት ፑክ የሆነችው ይህች መኪና በአልፕስ ተራሮች ዳገት ላይ ተመሰከረላት። 650 ቲአር የተባለው ብርቱ ዓይነቷ በ1966 ፖላንዳዊውን ሶቢየስዋቭ ዛሳዳን በምድቡ የአውሮፓ የራሊ ሻምፒዮን አድርጎታል።

በቪየና ተወልዶ በኢጣሊያ የከተመው ካርሎ አባርትም በሌላ መንገድ እዚያው ደረሰ። በ1949 ኩባንያውን ካቋቋመ በኋላ የፊያትን ትንንሽ መኪኖች ወስዶ ሞተራቸውን እያሳደገ ለውድድር ያሰልፍ ነበር። ሙሉ መኪና መግዛት ላልቻለ ወጣት ደግሞ የሞተር ማሻሻያ ዕቃዎችን በእንጨት ሣጥን አሽጎ ይሸጥለታል። ወጣቱ ሣጥኑን ተሸክሞ ወደ ሠፈሩ ጋራዥ ይሄዳል፤ የአባቱን መኪና ይዞ ገብቶ የእሽቅድምድም መኪና ይዞ ይወጣል። በ1963 የወጣችው አባርት 595 ስሟን ያገኘችው ከሞተሯ መጠን ነው፤ ጉልበቷ 27 ሲሆን ይህም ከመጀመሪያዋ 500 ከእጥፍ በላይ ነው።

በመጨረሻም ፊያት ራሱ ገባበት። በ1972 መገባደጃ የ500ን ቦታ የምትወርሰው ፊያት 126 ወጣች፤ 594 ሲሲ ሞተሯ 23 የፈረስ ጉልበት ነበረው። አሮጊቷ 500 ግን ወዲያው አልተሰናበተችም። «አር» የሚል ፊደል ታክሎላት፣ ጉልበቱ ወደ 18 ዝቅ የተደረገ የ126 ሞተር ተገጥሞላት እስከ 1975 ድረስ ተመረተች። የሚገርመው ካምቢዮዋ የቀድሞው መሆኑ ነው። ፋብሪካው ሞተሩን ለወጠላት፤ ካምቢዮውን ግን ነፈጋት። ሥራው በግማሽ ቀረ ማለት ነው፤ ሌላውን ግማሽ የሚጨርሱት ባለቤቶቹ ሆኑ።

የመለዋወጫው ምንጭም አልደረቀም። ፖላንድ 126ን በፈቃድ ማምረት የጀመረችው በ1973 ሲሆን የመጨረሻዋ መኪና ከፋብሪካ የወጣችው በ2000 ነው። በፖላንድ ብቻ ከ3.3 ሚሊዮን በላይ ተመርተዋል። የ500 ሕይወት በ1975 ቢያከትምም የሞተሯ ዘር ሃያ አምስት ዓመት ተጨማሪ ኖረ። ከአውሮፓ የመኪና መቃብሮች በርካሽ ሊገዛ የሚችል፣ ከ500 ጋር የሚዛመድ ሞተርና ካምቢዮ በብዛት የተገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ሞተር ብቻውን አይመጣም

በ1959 የወጣችው የእንግሊዟ ሚኒ ካምቢዮዋ ከሞተሩ ሥር ተቀብሮ፣ ሁለቱም አንድ ዘይት ይጠጣሉ። የሚኒን ሞተር ላውጣ ያለ ሰው ወደደም ጠላ ካምቢዮውም አብሮት ይወጣል። በፊያት 500 ግን ሞተሩና ካምቢዮው በብሎን የተያያዙ ሁለት ዕቃዎች ናቸው። አንዱን ትቶ ሌላውን መለወጥ ይቻላል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ብርቱ ሞተር አግኝቶ በአሮጌው ካምቢዮ ላይ ይጭነዋል፤ ጥቂት ጊዜ ደስ ይለዋል፤ በኋላ ግን ይጸጸታል።

የ500 ካምቢዮ አራት ማርሽ አለው፤ ሲንክሮናይዘር ግን የለውም። ሲንክሮናይዘር ማለት ማርሽ ሲቀየር በተለያየ ፍጥነት የሚዞሩትን ጥርሶች ከመግጠማቸው በፊት ፍጥነታቸውን የሚያስተካክል ቀለበት ነው። እርሱ በሌለበት ሥራውን የሚሠራው የነጂው እግር ነው፤ ወደ ታችኛው ማርሽ ሲወርድ ፍሪሲዮን ይረግጣል፣ ማርሹን ያወጣል፣ ፍሪሲዮኑን ለቆ ቤንዚን ይሰጣል፣ እንደገና ፍሪሲዮን ረግጦ ማርሹን ያስገባል። የለመደው ሰው ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ያደርገዋል፤ ያልለመደው ሲነዳ ጥርስ ከጥርስ የሚፋጭበት ድምፅ ሠፈር ያሰማል። በ126 ካምቢዮ ግን ሁለተኛው፣ ሦስተኛውና አራተኛው ማርሽ ሲንክሮናይዘር አላቸው።

ሁለተኛው ምክንያት ስሌት ነው። የ1965ቷ 500 ጎማዎቿን አንድ ጊዜ ለማዞር ከካምቢዮው የሚወጣው ዘንግ ከአምስት ጊዜ በላይ መዞር አለበት፤ የጥርሶቹ ቁጥር 8 ለ41 ነው። ይህ የተመጠነው ለደካማ ሞተር ነው፤ ዳገት እንዲያወጣት ፍጥነትን መሥዋዕት ያደርጋል። የ126 ግን 8 ለ39 ነው። ልዩነቱ 5 በመቶ ያህል ቢሆንም በረጅም መንገድ ላይ ያስታውቃል፤ ሞተሩ በዚያው ፍጥነት ሲሄድ በዝግታ ይዞራል፣ ጩኸቱ ይቀንሳል፣ ዕድሜውም ይረዝማል። ብርቱን ሞተር ለደካማ ሞተር በተመጠነ ካምቢዮ ማሠራት ረጅም ሰው በልጅ ብስክሌት እንዲሄድ እንደ ማስገደድ ነው፤ እግሩ ይሽከረከራል፣ መንገዱ ግን አይገፋለትም።

የመለወጡ ሥራ በራሱ ከባድ የሚባል አይደለም። ባትሪው ይነቀላል፤ የቤንዚን ቱቦው፣ የኤሌክትሪክ ገመዶቹና የቤንዚን መስጫው ሽቦ ይፈታሉ፤ ዘይቱ ይቀዳል። ከኋላ ሞተሩን የተሸከመው አግዳሚ ብረት ይወልቃል። ከዚያ በኋላ ክሪክ ከሥር ገብቶ ሞተሩን ይደግፈዋል፤ ከካምቢዮው የሚያያዝበት ብሎን ሁሉ ሲፈታ ሞተሩ የካምቢዮው ዘንግ ከፍሪሲዮኑ እስኪላቀቅ ድረስ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ይሳባል። በዚህ ጊዜ ካዘነበለ ዘንጉን ወይም ፍሪሲዮኑን ይጎዳል። ሞተሩ ትንሽ በመሆኑ ሁለት ጠንካራ ሰዎች አንሥተው ጠረጴዛ ላይ ሊያኖሩት ይችላሉ።

ጥበቡ የሚፈተነው በመግጠሙ ላይ ነው። የፍሪሲዮኑ ሸራ መካከለኛ ጥርስ ከአዲሱ ካምቢዮ ዘንግ ጋር መስማማት አለበት። የ126 ካምቢዮ በ500 ሆድ ሥር በራሱ አይቀመጥም፤ ማስማሚያ ብረት ይፈልጋል። ወደ ጎማ የሚሄዱት ዘንጎችም ከካምቢዮው ጋር መታየት አለባቸው። የአየር መተላለፊያው ጉዳይ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው፤ ይህ ሞተር ውኃ ስለሌለው ሕይወቱ በቬንትሌተሩ በሚነፍስለት አየር ላይ የተመሠረተ ነው። የአየር ቱቦው ክፍተት ካለው ወይም ሞተሩ ራሱ ያሞቀውን አየር መልሶ ከሳበ፣ ትልቁ ሞተር ከትንሹ ፈጥኖ ይቃጠላል።

ፍሬኑም አይረሳም። የ500 አራቱም ጎማዎች በታምቡር ፍሬን የሚቆሙ ሲሆን የተመጠኑትም ለዝግተኛ መኪና ነው። በሰዓት 85 ኪሎ ሜትር ትሮጥ የነበረች መኪና 105 ስትሮጥ ፍጥነቷ የጨመረው በሩብ ገደማ ይመስላል፤ ፍሬኑ ሊያጠፋው የሚገባው የእንቅስቃሴ ኃይል ግን አንድ ተኩል እጥፍ ይሆናል። በ1961 ጆን ኩፐር የሚኒን ሞተር ሲያሳድግ የፊት ጎማዎቿ የዲስክ ፍሬን የተሰጣቸው በዚህ ምክንያት ነው። ሞተር ካምቢዮን ይጠራል፤ ካምቢዮ ዘንግን፣ ፍጥነትም ፍሬንን ይጠራል። መኪና የብዙ ዕቃዎች ስምምነት ነው፤ አንዱን የለወጠ ሰው ከሌሎቹ ጋር እንደገና ማስታረቅ ግዴታው ነው።

ያችው ናት ወይስ ሌላ?

500 ተራ የሠራተኛ መኪና በነበረችበት ዘመን ይህን ጥያቄ ያነሣ አልነበረም። መኪናዋ ትሂድ እንጂ ሞተሩ የማን እንደነበር ማን ይጠይቃል? ጥያቄው የመጣው መኪናዋ ቅርስ ስትሆን ነው። በ1984 በሊጉሪያ ግዛት፣ ጋርሌንዳ በተባለች መንደር የኢጣሊያ የፊያት 500 ወዳጆች ክበብ ተመሠረተ። በ2017፣ 60ኛ ዓመቷ በተከበረበት ጊዜ፣ የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር በ1968 የተሠራች አንዲት 500 ከስብስቡ ጋር ቀላቀለ። ቤተ መዘክር የገባ ነገር ደግሞ ሲለወጥ ያስወቅሳል።

በወዳጆቿ መካከል ሁለት ወገን ተፈጠረ። አንደኛው ወገን የ500 ታሪክ የድካሟ ታሪክ ነው ይላል። 13 የፈረስ ጉልበት ይዛ ዳገት መውጣቷ፣ ነጂዋ ፍሪሲዮን ሁለት ጊዜ እየረገጠ ማርሽ መቀየሩ፣ የኢጣሊያ ቤተሰብ ከሞተር ብስክሌት ወደ መኪና የተሻገረበትን ዘመን ያስታውሳል፤ ይህ ተነቅሎ ሲጣል የሚቀረው ቆርቆሮ ብቻ ነው። ሌላው ወገን ደግሞ መኪና የተፈጠረችው ለመንገድ እንጂ ለመስታወት ቤት አይደለም ይላል። የዛሬው መንገድ በ1957 እንደነበረው አይደለም፤ በከባድ መኪኖች መካከል በ85 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የምትንፏቀቅ መኪና ለራሷም ለሌላውም አደጋ ናት። የ126 ሞተር ያዳናት መኪና ባይለወጥላት ኖሮ ቁርጥራጭ ብረት ትሆን ነበር፤ ታዲያ ማን ነው ታሪኳን የጠበቀላት?

ሁለቱም እውነት አላቸው። የታሪካዊ ተሽከርካሪዎች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ያጸደቀው የቱሪን ቻርተር በመካከላቸው ሊሸመግል የሞከረ ሰነድ ነው። የተሰየመውም 500 በተወለደችባት ከተማ ስም ነው። ቻርተሩ ቅድሚያ የሚሰጠው ባለበት ለመጠበቅ ነው፤ ይሁን እንጂ ለውጥን ፈጽሞ አይከለክልም። ለውጥ ካስፈለገ የመኪናውን ዋና አካል የማይቆርጥ፣ ወደ ቀድሞው ሊመለስ የሚችልና በጽሑፍ የተመዘገበ እንዲሆን ይመክራል። የወጡት ዋና ዋና ዕቃዎችም እንዳይጣሉ፣ ከመኪናው ጋር እንዲቆዩ ያሳስባል። በዚህ ሚዛን ሲታይ የዘመድ ሞተር ያስገባና አሮጌውን ዘይት ቀብቶ በጨርቅ ጠቅልሎ በጋራዡ ጥግ ያስቀመጠ ሰው ታሪክ አላጠፋም። የባዕድ ሞተር ለማስገባት ብሎ አካሏን በመጋዝ የቆረጠ ሰው ግን መመለሻውን መንገድ ዘግቷል። አንዳንዶች የሞተር ብስክሌት ሞተር እስከ መትከል ደርሰዋል፤ ፈጣን መኪና ያገኙ ይሆናል፣ 500ን ግን ለማግኘት አዳጋች ነው።

ከቱሪን እስከ ሶማሌ ተራ

ይህ ክርክር ለምሥራቅ አፍሪካ ቀንድ አንባቢ ሩቅ አይደለም። የአዲስ አበባ መካኒክ የሚናገረው ቋንቋ ግማሹ ከኢጣሊያንኛ የመጣ ነው። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ኩሽኔት፣ ብሎን፣ ክሪክ፣ ሞላ፣ ጎማ፤ ጃኮዛ በቱሪን የሥዕል ጠረጴዛው ላይ ይጠቀምባቸው የነበሩ ቃላት በአማርኛና በትግርኛ ጋራዥ ውስጥ ዛሬም ይሰማሉ። በአስመራ በ1938 የተሠራው፣ ክንፉን እንደ አውሮፕላን የዘረጋው የፊያት ታልየሮ ሕንፃም የዚያ ዘመን ምስክር ሆኖ ቆሟል።

የአዲስ አበባን የታክሲ ታሪክ የሚያስታውሱ ሰዎች ከላዳ በፊት ሰይቼንቶ እንደነበረች ያውቃሉ። ላዳ በመጣች ጊዜም ፊያት ከከተማዋ ወጣ ማለት አልነበረም። በ1966 ፊያት ከሶቪየት ኅብረት ጋር በተፈራረመው ውል መሠረት፣ ቶሊያቲ በተባለችው ከተማ ከ1970 ጀምሮ የተመረተችው የመጀመሪያዋ መኪና የፊያት 124 ልጅ ናት። ሶቪየቶቹ ግን የ124ን ሞተር እንዳለ አልወሰዱትም፤ በእርሱ ፈንታ የተለየ አሠራር ያለው 1.2 ሊትር ሞተር ገባላት። ለሩሲያ መንገድ እንድትጸና ብረቷ ወፈረ፤ የኋላ ዲስክ ፍሬኗም በታምቡር ተተካ። ስለዚህ ሰማያዊና ነጭ ቀለም ተቀብታ የአዲስ አበባን ሕዝብ ለአሥርተ ዓመታት ያመላለሰችው ላዳ ራሷ፣ ገና ከመወለዷ በፊት ሞተሯ የተለወጠ ፊያት ነበረች። ይህን ያወቀ ሰው «እውነተኛው ሞተር» የሚለውን ቃል በጥንቃቄ ይናገረዋል።

በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ሞተር የሚፈልግ ሰውም ቢሆን የቱሪኑን ቻርተር አንብቦ አይሄድም። እሱን የሚያሳስበው የነገው እንጀራው ነው። ይሁን እንጂ የሚጠይቀው ጥያቄ ከጋርሌንዳው ክበብ ጥያቄ ጋር አንድ ነው፤ ሞተሩ ከየትኛው መኪና ወጣ? ካምቢዮው አብሮ አለ? ይገጥማል ወይስ ይቆረጣል? ልምድ ያለው መካኒክም ከሩቅ ብርቱ ሞተር ይልቅ ከቅርብ ዘመድ የሆነውን ይመርጣል።

ጥያቄው አሁን መልኩን እየለወጠ ነው። ኢጣሊያ በ2015 ባወጣችው ደንብ የቤንዚን መኪናን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡ መሣሪያዎችን የምትፈቅድበትን መንገድ ዘርግታለች፤ አሮጊቷ 500ም ከነዚህ ተለዋጮች መካከል ገብታለች። ኢትዮጵያ ደግሞ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለች። ነገ ከአሮጌ መኪና የሚወጣው ሞተር ቦታ ዘመዱ ሳይሆን ባትሪና የኤሌክትሪክ ሞተር ሊገባ ይችላል። ያን ጊዜም የጃኮዛ መኪና ያስተማረችው ትምህርት አያረጅም፤ ጉልበቱ የተለወጠ እንደሆነ ማርሹ፣ ክብደቱና ፍሬኑ እንደገና መመዘን አለባቸው፤ የወጣውም ሞተር ሊጣል አይገባም።

ሁሉም ነገር ተጠናቅቆ መኪናዋ እንደገና ስትነሣ ባለቤቱ የሚቀረው አንድ ሥራ አለ። አዲሱ የሞተር ቁጥር በሊብሬው ላይ መስፈር አለበት። ብዙ ሰው ይህን እንደ ቢሮ ጣጣ ይቆጥረዋል። ነገር ግን ከሃምሳ ዓመት በኋላ መኪናዋን የሚረከበው ሰው የትኛው ከፋብሪካ እንደ መጣ፣ የትኛው በኋላ እንደ ገባ የሚያውቀው ከዚያ ገጽ ነው። ሻንሲው የቀድሞው፣ ሞተሩ የሌላ መሆኑ በግልጽ ከተጻፈ፣ መኪናዋ ያችው ናት፤ ታሪኳ ግን በአንድ መስመር ረዝሟል።